ስለ ጌታ መልክ ለጠየቁኝ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት አደረገዎ? ዓይንዎስ? እማዬ ጉልበቷን ተሻላት ወይስ እንደ ልማዷ «ደኅና ነኝ» እያለች ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች? ታናሽ እህቴና ልጇስ? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ናፍቆታችሁ ግን እንደ ጉንፋን የሚለቅ አልሆነም።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ጸሐፊ በስልኩ ላይ «እውነተኛው የጌታ መልክ» የሚል ሥዕል ማየቱን፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እርስዎ ግድግዳው ላይ የሣሉት ስሕተት ነው ማለቱን፣ ፊቱን ፍቀው እንደ አዲሱ እንዲሥሉት ኮሚቴው መወሰኑን ጽፈውልኛል። «አንቺ የሊቃውንቱ ጓዳ ውስጥ ነሽ፤ እውነቱን ጻፊልኝ። እውነት ከሆነ በገዛ እጄ እፍቀዋለሁ» ብለዋል። እርስዎ ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ልተወው ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

የሊቃውንት ጓዳ መባሉ አስቆኛል። እኛ ለሙዚየም የሰው ራስ ነው የምንሠራው። የአጥንቱ ዶክተር ከመሬት የወጣ የራስ ቅል ይለካል፣ ቀራጩ በጭቃ ሥጋ ያለብሰዋል፣ ከዚያ በሰም ይገለበጣል። እኔ ፀጉሩን፣ ጺሙንና ቅንድቡን በመርፌ አንድ በአንድ እተክላለሁ። አንድ ቅንድብ ሁለት ቀን ይፈጃል። አሁን የያዝነው በጌታ ዘመን፣ በጌታ አገር የኖረ የአንድ ሰው ራስ ስለሆነ ዶክተሩን ለመጠየቅ ተመቸኝ።

ጸሐፊው ያየው ሥዕል የተሠራው እንደኛው አሠራር ነው፣ ከሌላ ሰው የራስ ቅል። «የአገሩ ሰው ነው እንጂ እሱ ነው ያለ የለም» አለኝ ዶክተሩ። የጌታ አጥንት አይለካ ነገር፣ ተነሥቷል። ፀጉሩ አጭር ነበር የሚሉት ሐዋርያው ጳውሎስ ወንድ ፀጉሩን ቢያስረዝም ነውር ነው ብሎ ስለጻፈ ነው። በጥንት መቃብሮች ግድግዳ ላይ ደግሞ ጺም የሌለው ጎረምሳ አድርገው ሥለውታል፤ እነሱም የሣሉት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። መልኩ ታትሞበታል የሚባል የከፈን ጨርቅ አለ፤ ግማሹ ሰው ይሳለመዋል፣ ግማሹ ደግሞ ጨርቁ ተመርምሯል፣ ዕድሜው ጌታ ዘመን አይደርስም ይላል። ፀጉሩን ከነቀለሙ የሚዘረዝር አሮጌ ደብዳቤም አለ፤ እሱ እንኳ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተፈጠረ ነው አሉ። መጽሐፉን ብናይ ኢሳይያስ መልክና ውበት የለውም ይላል፣ መዝሙሩ ከሰው ልጆች ይልቅ ያማረ ይላል። የቀደሙት አባቶችም ተከራክረው አልጨረሱትም።

ወለል የምታጸዳው ሴትዮ ይህን ሁሉ መወልወያዋን ተደግፋ ስትሰማ ቆይታ፣ «ይሁዳ ስሞ ባያሳያቸው ወታደሮቹ መች ለዩት? እንደ ማንም ሰው ነበር ማለት ነው» አለች። እኔን ያሳመነችኝ እሷ ናት። ባጭሩ አራቱም ወንጌላት ስለ ቁመቱም ስለ አፍንጫውም አንድ መስመር አልጻፉም።

አሁን ወደ ጠባሳው ልምጣ። ጸሐፊው በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ በመጽሐፍ የለም ማለቱ ልክ ነው። ሰባኪው የእሾህ አክሊሉ ምልክት ነው እያለ ስንት ዓመት አስለቀሰበት፤ እርስዎና እኔ ግን ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ሟቹ ወንድሜ፣ ሎጋው፣ ልጅ ሳለ ከእርስዎ መሰላል ወድቆ ያመጣው ነው። የሚሥሉት ፊት አጥተው እሱን የቀለም በርሜል ላይ ሲያስቀምጡት እኔ ቀለም እያማሰልኩ ነበር። «አባባ፣ ምሳ እኮ አልበላሁም» ሲል፣ «ጌታ አርባ ቀን ጾሟል፤ አትንቀሳቀስ» አሉት። ምእመናኑ በዓይኖቹ ውስጥ የዓለም ኀዘን አለ ይላሉ፤ ረኀብ ነበር። ጠባሳውን ይተዉት ብልዎ፣ «እጄ ያየውን ነው የሚሥለው» አሉኝ። በዓመቱ ሎጋውን ወንዝ ወሰደው፤ ታናሽ እህቴ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ስለ ሥዕሉ ያነሣ የለም።

እማዬ አታውቅም ብለው ነው ዝም ያሉት። ታውቃለች፣ አባባ። እዚህ ልመጣ ስል ቤተ ክርስቲያን አብሬያት ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ ግድግዳው ዘንድ ቀረችና ቀና ብላ፣ «ከሳህብኝ» አለችው። ለጌታ እንዲህ አይባልም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዶክተሩ ጠርቶ፣ ከተከልኩት ቅንድብ በግራው ላይ ክፍተት ትተሻል፣ ድፈኚው አለኝ። ሳላውቀው ነው የተውኩት። መርፌዬን እንደያዝኩ የቀረውን የሎጋውን ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። አፉ አልመጣልኝም፤ አፍንጫውም እንደዚሁ። ፎቶ እንደሌለው ያውቃሉ፤ ለመታወቂያ የተነሣት አንዲቷ በኪሱ ነበረች፣ አብራው ሄደች። ክፍተቱን ደፈንኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ ለኮሚቴው እንዲህ ይበሏቸው። «የጌታን መልክ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይህን ብፍቅ የምሥልላችሁ ያው የሌላ ሰው ፊት ነው።» አዲሱን ከፈለጉ በሩ አጠገብ ባዶ ግድግዳ አለ፣ እዚያ ይሣሉላቸው። ይህን ግን አይንኩት። የጌታን መልክ ብንስት እንኳ እሱ ሲመጣ ራሱ ያሳየናል። የሎጋውን መልክ በልባችን የያዝን እርስዎ፣ እማዬና እኔ ሦስታችን ነን፤ እኔ ደግሞ እየረሳሁት ነው።

ታናሽ እህቴን ይሳሙልኝ፤ ልጇ ጥርስ ካወጣ ይጻፉልኝ። አክስቴን እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ፤ ምላሷ እንዳለ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጎረቤታችንን አናጢውን ሰላም ይበሉልኝ። እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እሑድ ሰው ሲወጣ እሷ ግድግዳው ዘንድ ስትቀር፣ እርስዎም በር ላይ አይጠብቋት፤ አብረዋት ይቁሙ።

ልጅዎ

ከሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ጥቅምት 7 ቀን