ቁጥር ሰባት

ታምሲን፣ ወደ ደሴታችን መርከብ ከሚነሳበት ከፔንዛንስ ወደብ ዝዬ ነው የምጽፍልሽ። ስለተበላሸው መርከባችን ሲጠየቅ ልስማ ብዬ ለንደን ሄጄ፣ ፓርላማው ሰገነት ላይ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ፣ የመረጥነው ጃጎ ተነሳና «ቁጥር ሰባት፣ ክቡር አፈ ጉባኤ» ብሎ ቁጭ አለ። በቃ። ጥያቄው ቀድሞ ከነቁጥሩ ታትሞ ስለታደለ አይነበብም። እኛ ዘንድ በደሴቱ ስብሰባ ዴንዚል ስለ ውሃ ቧንቧ ሊጠይቅ ሲነሳ ከአያቱ ነው የሚጀምረው።

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ በር ማንኳኳት ነው፤ ዋናው ገና ነው» አሉኝ። እውነትም ሚኒስትሩ የተጻፈላቸውን መልስ አንብበው ሲቀመጡ ጃጎ ድጋሚ ተነሳ። «መርከቡ ቆሞ አበባችን መጋዘን ውስጥ ጠወለገ። ክቡር ሚኒስትሩ ደሴታችን መጥተው ያዩልናል?» አለ። «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ» አሉ። ወደ ቁጥር ስምንት ታለፈ፤ በምን እንደሚመጡ የጠየቀ የለም።

እናትሽን ሳሚልኝ፣ ዴንዚልንም ሰላም በይልኝ፤ ካርዱ ላይ ቦታ እያለቀብኝ ነው። ሚኒስትሩ ቃላቸውን ጠብቀው መጥተዋል፤ እዚሁ አጠገቤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። አሁን «መርከቡ መቼ ነው የሚነሳው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱ ቁጥር ሰባት ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

ሎወና