የጋሽ ቢቂላ አሥራ ሁለተኛ ኮከብ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዶክተር ጉልላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኤቢሴስ፣ ሥራው እንዴት ይዟታል? ብሩኬ በቁመት አባቱን አለፈ መባሉን የሰማን ጊዜ እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ላገኘችው ሰው ሁሉ ስታወራ ሰነበተች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ድሮ እንደምታውቀው ነው። ባለቤቴ አማኑም ልጄ ውዳሴም ደህና ናቸው። ወፍጮውም ደህና ነው፤ መብራት ሲኖር ይፈጫል፣ መብራት ሲጠፋ ደንበኞቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ሰው ያማሉ።

ደብዳቤ ሲደርስህ ሰው የሞተ መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ ማንም አልሞተም። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር እማዬ «ላውድ ላይ አድርጊው» ብላ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። ይህን ደብዳቤ የኤቢሴ እህት ወደ ኖርዌይ ስትመጣ ይዛልህ ትመጣለች፤ ከሽሮው ሥር ነው የከተትኩት። አንብበህ እስክትጨርስ ግን እባክህ ለማንም አትደውል።

ነገሩ ስለዚያ ስለ ጥናትህ ነው። ከሃያ አራት ዓመት በፊት የመመረቂያ ጽሑፍህን እዚሁ ወፍጮ ቤታችን ስትሠራ፣ የቅዳሜ ሰልፍ ጦርነት ነበር፤ አንዱ ጆንያውን፣ አንዱ ክርኑን ያስቀድማል። አንተ ለአርባ ደንበኞች ካርድ ሰጠህና ተራውን ጠብቆ ላስፈጨ ሁሉ ከወርቃማ ወረቀት በመቀስ የቆረጥካትን ኮከብ መለጠፍ ጀመርክ። አሥራ ሁለት ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ኮከብ። አንተ ቀን ትምህርት ላይ ስለምትውል ማን ተራ እንደጠበቀ፣ ማን እንደጣሰ መዝገብ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ እስክሪብቶውን ስትሰጠኝ ዳኛ ያደረግከኝ ነበር የመሰለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰልፉ ቀጥ አለ። ኮከቡን ካቆምክ በኋላም እንደዚያው ቀረ። አንተም ሰው ትንሽ ምስጋና ካገኘ ሥርዓት ይይዛል፣ ምስጋናው ቢቆም እንኳ ሥርዓቱ አይለቀውም ብለህ ጻፍክ። በዚያው ተመረቅክ፣ በዚያው ባሕር ተሻገርክ፣ በዚያው ዶክተር ሆንክ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ካንተ በላይ እማዬ ታውቀዋለች። «የኮልፌ ሰልፍ» የሚባል ነገር በየአገሩ እንደሚያስተምሩ፣ የሆስፒታልና የአውቶቡስ ሰልፍ የሚያጠኑ ሰዎች ያንተን ስም ሳይጠሩ እንደማያልፉ ለደንበኛ ሁሉ ትናገራለች። አምና አንድ ጃፓናዊ ምሁር ከነሚስቱ መጥቶ የወፍጮ ቤቱን በር ፎቶ አንስቶ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። መጽሐፍህ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመፍጫው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እማዬ አንድ ቃል አታነብም፤ አቧራውን ሳታራግፍለት ግን አትውልም።

በየካቲት ወር ፀሎት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ቀጭን፣ ትሁት፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ የማታወርድ ልጅ ናት። ያንተን ጥናት እዚያው ቦታ ደግማ ልትሠራው እንደሆነና አንተም ደስ ብሎህ እንደፈቀድክላት ነገረችን። በነሐሴ አንተ ስለዚሁ ጥናት በትልቅ ጉባኤ ላይ እንደምትናገርም ከእሷ ነው የሰማሁት።

እማዬ ልጅቱ ከበር ሳትርቅ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ሰፈሩን ቤት ለቤት አዳረሰችው፤ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ለገቡት የድሮ ደንበኞች ደግሞ በእኔ ስልክ ደወለችላቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አምስት አምስት ኪሎ ጤፍ የያዙ ሰዎች ከታክሲ እየወረዱ መጡ። እንዲህ ያለ ሰልፍ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ» ሲባባሉ የሚያስፈጭ ሰው ጠፍቶ ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ዋለ። ባለ ባጃጁ ለሊሳ፣ እናቱ በተኛችበት ሆስፒታል እንኳ ተራ ጠብቆ የማያውቀው ልጅ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ፀሎትን «እህቴ፣ አቋቋሜ እንዴት ነው፤ ይስተካከል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ይህንኑ ጻፈችው። ስምንት ቅዳሜ ሙሉ እንዲህ ነበርን።

ልጅቱ ግን ሞኝ አይደለችም። ከፋሲካ በኋላ እማዬ አስኮ ለቅሶ በሄደችበት ቀን ሳትናገር ከተፍ አለች። ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ለሊሳ ጆንያውን በመስኮት እያስገባ ነበር፤ ሁለት ሴቶች አንድ ሚዛን ላይ ቁና ለቁና ይገፋፋሉ። ፀሎት ጥግ ይዛ ሁሉንም ጻፈችና ሰው ሲበተን ጠጋ ብላ «እትዬ ሸዋገነት፣ የዶክተር ጊዜስ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

ነገ ልንገርሽ አልኳት። ብዋሽ ያንተ ስም ይተርፋል፤ ልጅቱ ግን የሌለ ነገር ጽፋ ትመረቃለች። እውነቱን ብናገር ደግሞ ያንተ የሃያ አራት ዓመት ልፋት ምን ሊሆን ነው? ቀኑን ሙሉ ጨው እየጨመርኩ ሽሮ አበላሸሁ። በማግስቱ ነገርኳት።

ያኔ አንድ ወፍጮ ብቻ ነበረን፤ በርበሬውም ጤፉም በእሱው ነው። በርበሬ ተፈጭቶ ድንጋዩ ሳይጸዳ ቀጥሎ የገባ ጤፍ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። እማዬ ጥናትህ ሲጀመር ቤት ለቤት ዞራ «ልጄ ሊመረቅ ነው፤ ሰልፍ ያበላሸ ሰው ጤፉን ከበርበሬ ቀጥሎ ነው የምፈጭለት» ብላ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ላይ አድርጋ አሳየች፤ ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ እንጀራ ሲበሉ ያለቅሱ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰልፉ ቀጥ አለ። ኮከቡ ከቆመም በኋላ ቀጥ ብሎ የቀረው፣ እማዬ ስላላቆመች ነው።

ፀሎት እርሳሷ ከጆሮዋ እስኪወድቅ ሳቀች። እማዬን ስትጠይቃት መጀመሪያ ካደች፤ ከዚያ «ልጄን ከሥራ ያባርሩታል?» ብላ ደነገጠች። አያባርሩትም ስትባል ቀና ብላ ተቀመጠችና «እንግዲያው ሰልፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ ላይ የእኔ ስም የቱ ጋ ነው?» አለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤውም በሳቅ ያልቅልኝ ነበር። እኒያ ጋራዥ ይሠሩ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ ቢቂላ ግን አተር ሊያስከኩ መጥተው ሁሉን ሰምተዋል። ተነሥተው ወጡ፤ ሲመለሱ የመታወቂያ ላስቲክ ውስጥ የከተቱትን ያንተን ካርድ ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ኮከብ፣ አንዷም አልተላጠችም። «በርበሬውን ፈርቼ ነው የቆምኩት፤ እሱን አልደብቅም። ኮከቡን ግን ያስቀመጥኩት ወድጄ ነው። በዚያ ዕድሜዬ ጎበዝ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም» አሉ።

ፀሎት ካርዱን ገልብጣ ቁጥሩን አየች፤ አሥራ ሰባት ይላል። ፊቷ ተለዋወጠ። መጽሐፍህን ከላስቲኩ አውጥታ በአማርኛ እየመለሰች አነበበችልን። ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት በመጨረሻው ቅዳሜ ተራው ደርሶ ሳለ ሰልፉን ጥሎ ሄደ፣ ሽልማት ሲደጋገም ኃይሉ እንደሚደክም ያሳያል ብለህ ሦስት ገጽ ጽፈሃል። ሌሎች ምሁራንም በዚያ ሰው ላይ ብቻ እየተከራከሩ ነው አለችን፤ አንዱ እንዲያውም «የኮከብ መሰልቸት» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ጋሽ ቢቂላ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «እኔ ነኝ የሰለቸኝ?» አሉ።

ወንድሜ፣ ያን ቅዳሜ አባዬ ከመፍጫው ጀርባ ራሱን ስቶ ወደቀ። ጋሽ ቢቂላ ጤፋቸው ሚዛን ላይ ወጥቶ ሳለ ጥለውት ጦር ኃይሎች ድረስ ሮጠው ታክሲ አመጡ፤ አባዬን አቅፈው ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አንተ ፈተና ላይ ነበርክ። እንዳትደነግጥ ብለን አባዬ አክስታችን ቤት ያድራል አልንህ። አባዬም ተሽሎት ሲመለስ «ለልጁ እንዳትነግሩት» ብሎ አስማለን፤ ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት አብሮን ኖረ። ማታ መዝገቡን ስትቀበለኝ ግን አንድ ነገር መጻፍ ነበረብኝ። ከቁጥር አሥራ ሰባት ትይዩ «ሰልፍ ጥሎ ሄደ» ብዬ ጻፍኩ። ለምን ብለህ አልጠየቅከኝም፤ እኔም አልነገርኩህም። አባታችንን ያተረፈ ሰው በየአገሩ ሰልፍ የሰለቸው ሰውዬ ተብሎ ሲተረት የኖረው በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። አፍሬያለሁ።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። በነሐሴ ከሰው ፊት ስትቆም ሁሉንም ራስህ ተናገረው፤ የእማዬን በርበሬም፣ የአባዬን ቅዳሜም። ፀሎት የጻፈችውን እስከዚያ እንደማታወጣው ቃል ገብታልኛለች። ወደዚህ ትምህርት የገባችው ያንተን መጽሐፍ አንብባ ነውና «ከእሳቸው አፍ ቢሰማ ይሻላል» ነው ያለችው። ይስቁብህ ይሆናል፤ እኛም ስቀናል። ልጅቱ ግን አሁንም እየዞረች ነው፤ ከአርባው ካርድ እስካሁን አሥራ አራቱን ከየሰው ቤት አግኝታለች፤ አንዱ ከውሻ ክትባት ወረቀት ጋር ተጣብቆ ነው የተገኘው። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን እንዳስቀመጡት ብትጠይቃቸው አንዳቸውም በርበሬ አላሉም።

እዚህ ድረስ ስጽፍ እማዬ ደረሰችብኝ። አንብቢልኝ አለች፤ የአባዬ ጋ ስደርስ አለቀሰች፣ ከዚያ መጽሐፉ ሲታረም ስሟ ከነአባቷ ስም እንዲገባ ጻፊለት አለች። ወይዘሮ ሰብሌ ወልደጊዮርጊስ። ለኤቢሴ «ልጄን አደራ፣ ወገቡን አሙቂለት» ብላለች፤ ብሩኬን ቁመቱ ይበቃዋል፣ አሁን አማርኛውን ያሳድግ ብላለች። አማኑ በጣም አድርጎ ሰላም ይልሃል። ውዳሴ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ለሊሳ ደግሞ የእሱ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠይቂልኝ ይላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወርቃማ ወረቀት እዚህም አለ፤ ውዳሴ ለጋሽ ቢቂላ አንዲት ኮከብ ቆርጣ ልትለጥፍላቸው ነበር። እንቢ አሉ። «እሱ ራሱ ይቁረጣት» አሉ። ከአሥራ አንዱ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርዱን በደረት ኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ተራቸውንም ጠብቀው ይቆማሉ።

እህትህ ሸዋገነት

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.