በመስኮት የሚታይ ባለቀለም

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ጋሼ ይልቃል ዛሬም በርበሬ ገዝቶ መጣ።

ብቻውን የሚኖር፣ ጨጓራውን የሚያመው ሰው... በሳምንት ሁለቴ በርበሬ። ማስቀመጫ ሲያጣ ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት ጀመረ። ጠዋት ሸሚዙን ሲለብስ ያስነጥሰዋል። አፓርታማችን ጎን ለጎን ስለሆነ በግድግዳው በኩል «ይማርህ» እለዋለሁ።

በርበሬው ሰበብ መሆኑን እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የማያውቅ የለም። ከባለሱቋ ከእትዬ ሰርክ በቀር። ወይስ እሷም ታውቃለች?

ዛሬ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሱቁን ልትለቅ ነው» አለኝ፣ ከረጢቱን እንደታቀፈ። «በሰኔ። ሲያትል፣ ልጇ ኤልዳና ጋ ልትጠቃለል።»

«እና ንገራታ።»

«ምን ብዬ?»

«በርበሬ በቃኝ ብለህ።»

አልሳቀም። ጋሼ ይልቃል በቀልድ ካልሳቀ ነገሩ ከባድ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጋሼ ይልቃል ምስጢሩን አወጣው። ለካ የአርባ ዓመት ጉዳይ ኖሯል።

ቀበና አንድ ሰፈር ነበሩ። የእሷ አባት ከውጭ አገር ባለቀለም ቴሌቪዥን ይዘው ገቡ፤ በሰፈሩ የመጀመሪያው። በቁልፍ የሚዘጋ የእንጨት ሣጥን፣ ላዩ ላይ ዳንቴል። የሰፈሩ ልጆች እግራቸውን እየታጠቡ ይገባሉ፣ ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ። ይልቃል ያኔ ሃያ ዓመቱ። ምንጣፍ ላይ ለመቀመጥ ትልቅ፣ ሶፋ ላይ ለመቀመጥ ድሃ። ስለዚህ የቀረው መስኮት ነው። ያልተፈቀደላቸው ልጆችም እዚያው ከእሱ ጋር።

«ሁልጊዜ ከውጪ ሆኜ ነው ያየሁት።»

«ቴሌቪዥኑን?»

«እሱንም።»

መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። ልጆቹ «ምን አለ? ምን አለች?» እያሉ ኮቱን ይጎትቱታል። እሱም ከራሱ እየፈጠረ ይነግራቸዋል። ዜናውንም፣ ፊልሙንም፣ ዘፈኑንም።

አንድ ምሽት ሰርክ ከሶፋው ተነስታ ወደ መስኮቱ መጣች። መጋረጃውን ልትዘጋባቸው። ሳትደርስ ሮጠ። ሁለተኛ አልተመለሰም።

«እዚህ ሱቅ ስትከፍት ገና ከበሩ ነው ያወቅኳት። እሷ አላወቀችኝም። ማን ነኝ ልበላት? መጋረጃ የተዘጋብኝ ሰውዬ ነኝ?»

እኔም በርበሬ ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሥራ ቦታ ሐሳብ መጣልኝ። በርባንክ፣ ለፊልም ሠሪዎች አሮጌ ዕቃ የሚያከራይ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። የማላውቃቸውን ሰዎች የሳሎን ዕቃ አቧራ ስጠርግ እውላለሁ። የተማርኩት ታሪክ ስለሆነ ከሙያዬ ወጣሁ አልልም።

የአሮጌ ቴሌቪዥን አንድ ረድፍ ሙሉ አለን። ለእትዬ ሰርክ መሸኛ የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ምሽት ብናዘጋጅስ? እሑድ፣ እዚያው ሱቋ፣ ከተዘጋ በኋላ። ዜናው፣ ዘፈኑ፣ ድራማው፣ ሁሉም በተራው። ሱቁን የምታግዛት ሶሊያና የድሮ ዝግጅቶችን ከኢንተርኔት አውርዳ ሣጥኑ ላይ ልታሳይ ቃል ገባች።

«ኮኔክት አደርገዋለሁ፣ ኢዚ ነው» አለች።

«ኢዚ ነው» የተባለ ነገር ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ጋሼ ይልቃል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ የት ልቀመጥ?»

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ከቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ከባዱን መረጥኩ። ከባድ ነገር እውነተኛ ነው ብዬ። አለቃዬ «እስከ ሰኞ ውሰደው» አለኝ። ለምን እንደሳቀ አልገባኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

አሁን ገባኝ።

ሣጥኑን ከታክሲ ነጂው ከኑሩ ጋር ተሸክመን፣ ሽሮና ኮረሪማው መሀል አስቀመጥነው። ዳንቴልም አለበስነው። አሥር የምንሆን ሰዎች በወንበርና በካርቶን ላይ ተደረደርን። እትዬ ሰርክ ከፊት። ጋሼ ይልቃል ኮት ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ግቡ እንጂ አቶ ይልቃል» አለችው።

«ይመቸኛል።»

ሶሊያና ሽቦዋን ይዛ የሣጥኑን ጀርባ ከፈተች። ውስጡ አንድ አምፖልና ሁለት ጡብ። አምፖሉ ፊልም ሲቀረጽ ብልጭ ድርግም እያለ የተዋንያን ፊት ላይ ብርሃን እንዲጥል፤ ጡቡ ሣጥኑ እንዳይገለበጥ። ሌላ ምንም። ባዶ።

«ወገቤን ያጣሁት ለጡብ ነው?» አለ ኑሩ።

ምን ይደረጋል? አበራነው። ከመስታወቱ ጀርባ ሰማያዊ ብርሃን ይርገበገብ ጀመር። ሁላችንም በጨዋ ደንብ አፈጠጥንበት።

«ቀለሙ መልካም ነው» አለች እትዬ ሰርክ።

«ድምፁስ?» አለ አንዱ።

«የለውም» አልኩ። መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር።

ከዚያ ከበሩ በኩል...

«ክቡራትና ክቡራን ተመልካቾቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ። በዜናችን፣ ትናንት የታየው ትራክተር ዛሬም አለ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ቀይ መሆኑ ታውቋል።»

ጋሼ ይልቃል! አገጩን ወደ ኮቱ ስቦ፣ ዓይኑን ሣጥኑ ላይ ተክሎ። መጀመሪያ ኑሩ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁላችን። ዜናው አልቆ ዘፈን ቀረበ፤ ዘፋኙ እንባውን እየጠረገ፣ ጫማው እንደጠበበውና የውሰት ስለሆነ ማውለቅ እንዳልቻለ አንጎራጎረ። ቀጥሎ የውጭ ፊልም። ፈረንጁ ሐኪም ነርሷን ግድግዳ አስደግፎ፣ «እውነቱን ንገሪኝ... ወጡን ማን አቃጠለው?»

ሶሊያና ካርቶን ላይ ተንከባለለች። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። እትዬ ሰርክ።

አለቀ፣ ተቀየመች አልኩ። ተነሳች። ወደ ሣጥኑ ሄደች። ድምፅ የሌለውን ሣጥን የድምፅ ማስተካከያ ይዛ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረችው።

«እንዲህ ነበር የማደርገው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ውስጥ ያለነው ትራክተር እያየን እናዛጋለን። ውጪ ያሉት በሳቅ ይፈርሳሉ። የሚያስቃቸው ልጅ የሚለውን ለመስማት ድምፁን እቀንሰዋለሁ። አባቴ ተበላሸ ብሎ ሁለቴ ሠሪ ጠርቷል።»

ዞረች።

«አንተ ነህ እንዴ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ «አቶ ይልቃል፣ ምን ልስጥዎት» ስትለው የኖረች ሴት።

«መጋረጃውን...» አለ ጋሼ ይልቃል። ያ ሁሉ አንደበት የት እንደገባ እንጃ።

«የምን መጋረጃ? መስኮቱን ልከፍት ነው የመጣሁት። ሮጥክ!»

አምፖሉ ብቻ ይርገበገባል።

«አይ ጋሼ» አለ ኑሩ፣ «ሮጠህ ሮጠህ ሎስ አንጀለስ ደረስክ።»

«አሁን ግባና ቁጭ በል» አለችው። «በሩንም ዝጋው፣ ዝንብ አስገባህብኝ።»

ገባ። ከመግባቱ በፊት ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሲጠርግ ቆየ... የቀበና ነገር።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሣጥኑን መለስኩ። አለቃዬ እየሳቀ «እንዴት ነው፣ ሠራ?» አለኝ።

«በደንብ። ድምፁ ትንሽ ዘገየ እንጂ።»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

እትዬ ሰርክ አልሄደችም። ለኤልዳና «ለገና መጥቼ አይሻለሁ» አለቻት አሉ። ከቁም ሣጥን የወጣው በርበሬ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ተመልሷል። ትንሽ የሸሚዝ ሽታ አለው፣ ግን ይሸጣል።

ጠዋት በግድግዳው በኩል ማስነጠስ የለም። «ይማርህ» የምለው አጣሁ።

ማታ ኳስ ከፈትኩ። ሁልጊዜ ከጋሼ ይልቃል ጋር ነበር የምናየው፣ እሱ እያወራ። ዛሬ ድምፁን ከፍ አድርጌ የጋዜጠኛውን ትረካ አዳመጥኩ። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። በጣም ያሰለቻል።

ዘግቼው ወጣሁ። እግሬ ፌርፋክስ አደረሰኝ። ሱቁ ተዘግቷል፣ መብራቱ ግን አለ። ገንዘብ መቀበያው ላይ አዲስ ትንሽ ቴሌቪዥን፤ የኮሪያ ድራማ መሰለኝ። እሱ ወንበር ላይ፣ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። እሷ አፏን በእጇ ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም።

ላንኳኳ? ተውኩት። የመኪና ማቆሚያው ቆጣሪ ላይ ተደግፌ የሚሉትን ከራሴ ሞላሁት።

እሷ፦ «ያን ሁሉ በርበሬ ግን ምን ልታደርገው ነበር?»

እሱ፦ «ሸሚዞቼ ይወዱታል።»

እንዲህ ብሎ ይሆናል። ከዚህ የተሻለም ብሎ ይሆናል።

ከዚያ እትዬ ሰርክ ቀና አለች። አየችኝ። ተነስታ ወደ መስኮቱ መጣች...

አልሮጥኩም።