ወንድሜ ሲወድቅ ስልክዎን ላወጡት ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ስልክዎስ ደኅና ነው? የእርስዎ ጤና ለቤተሰብዎ፣ የስልክዎ ጤና ደግሞ ለመላው ሕንፃ የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ ሁለቱንም ሳልጠይቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

በደረጃው መግቢያ ላይ የለጠፉትን «ሞባይልን በጥንቃቄና በኃላፊነት እንጠቀም» የሚል ማሳሰቢያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። መንገድ ስንሻገር ስልክ እንዳናይ፣ ትራስ ሥር አድርገንም እንዳንተኛ መክረውናልና እግዜር ይስጥልን። የሕንፃውን ግድግዳ ይቀባ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ከመወጣጫው በወደቀ ዕለት የዋሉልንን ውለታ ግን ማሳሰቢያው ውስጥ ስላላገኘሁት፣ ምስጋናዬን እነሆ አቀርባለሁ።

፩. ከሁሉ ቀድመው ስለደረሱ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አምቡላንስ በመጥራት ስልኩን ያባክነው ነበር፤ እርስዎ ግን ቀረጹበት። አምቡላንሱን የጠራችው ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷም ስልክ ተውሳ እስክትደውል ጊዜው ሄደ።

፪. ቪዲዮውን በነዋሪዎች ግሩፕ ላይ ስለለቀቁት አመሰግናለሁ። እኔ ሆስፒታል ደጃፍ ቆሜ ለእናታችን ምን ብዬ እንደምነግራት ስጨነቅ፣ እርስዎ ድካሜን አቀለሉልኝ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ከፍታም አየችው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ብለው ጽፈው ነበር። ወንድሜ እኮ ያን ጊዜ ገና ይተነፍስ ነበር።

፫. ያጥፉልኝ ብዬ ስለምንዎ «ከእጄ ወጥቷል» ስላሉኝ ግልጽነትዎን አደንቃለሁ። እውነትዎን ነው፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ባለፈው የማላውቀው ባለታክሲ የገዛ ወንድሜን አወዳደቅ ሲያስረዳኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት።

ይህን የምጽፈው አንዳች ነገር ይለወጣል ብዬ አይደለም። ነገም አንዱ ይወድቃል፤ ስልክ ይወጣል፤ ሌላዋ እኅትም ሆስፒታል ደጃፍ ቆማ ቃል ትመርጣለች። ተስፋ የለኝም።

ባትሪዎ እንዳያልቅ፣ እጅዎም እንዳይንቀጠቀጥ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

የቀለም ቀቢው እኅት፣ ከሦስተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ እናቴም ታመሰግንዎታለች። ልጇ የሚናገርበት ሌላ ቪዲዮ ስለሌላት፣ የእርስዎን ጠዋት ማታ ትከፍተዋለች። ወንድሜ «ውኃ» ሲል ይሰማል። የሕንፃው ጥበቃ ውኃ ይዞ ሲያጎነብስለት ደግሞ «ዞር በል፣ ጋረድከው» የሚል ድምፅ አለ። ድምፁ የማን እንደሆነ እናቴ ጠይቃኝ፣ ነግሬያታለሁ።