ወንዝ ያልተሻገሩ ንቦች

ረቡዕ፣ የካቲት 15 ቀን 2009

ስድስት ቁጥር ክፍል ዛሬ ፈረሰች። ሠራተኛዬ ሽመልስ ብሎኖቹን እየፈታ ግድግዳውን መሬት ሲያስተኛ ቆሜ አየሁ። ከአልጋው ሥር የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ እግር ካልሲና የደረቀ እንሽላሊት ወጣ። ሳቅን። ቆይቼ ወጥ ቤት ገባሁና ብቻዬን ትንሽ አለቀስኩ። ለዚህ የጁባ የቆርቆሮ ሆቴል አለቅሳለሁ ብዬ አስቤም አላውቅም።

ባለመሬቱ ጠዋት መጥቶ ነበር። ፎቅ ሊሠራ ነው። እስከ ወር መጨረሻ፣ ከዚያ ኸላስ፣ አለኝ። በአክብሮት ነው ያለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከግቢው የሚተርፈው ከጓሮ ያለው የእናቱ ጎጆና ትልቁ የኒም ዛፍ ብቻ ነው።

ወደ አዲሱ ግቢ የሄደ፦ ክፍሎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ፍሪጆቹ፣ የምግብ ቤቱ ጣሪያ፣ ጄኔሬተሩ (ሲጫንም ሲወርድም እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ)። የቀረ፦ የውሃ ታንከር፣ ምድጃ፣ አራት ቁጥር።

አራት ቁጥር ነች ጣጣዋ። እንደ ሌሎቹ ፕሪፋብ ናት፤ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ፣ መሃሉ ክፍት። እዚያ ክፍተት ውስጥ ንቦች አሉ። የዛሬ አራት ዓመት በአንዲት ቀዳዳ ገቡ፣ እኔም ክፍሏን ማከራየት ተውኩ። ሽመልስ ዛሬ፣ «እትዬ ወርቄ፣ አንድ አሮጌ ጎማ ላጭስባቸውና እንገላገል» አለ። ጎማውን ባንተ ራስ ላይ ነው የማጨሰው አልኩት።

አባቴ ቢቸና ንብ ያነባ ነበር። ፈቅዳ የገባች ንብ ሲሳይ ናት፣ ከቤት አትባረርም ይል ነበር። ግን እሱ ባይለኝም አልተዋቸውም። ባለፈው ሐምሌ ከተማው ውስጥ ሲተኮስ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ግቢያችንን ሰብረው ሲገቡ፣ እኔና ሐቦባ የእህል መጋዘኑ ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀምጠን ነበር። ሐቦባ የባለመሬቱ እናት ናቸው፤ ሐቦባ በጁባ ዓረብኛ አያት ማለት ነው፣ በሌላ ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰዎቹ የአራት ቁጥርን በር በሰደፍ መቱት። ከዚያ የሰማነው ንቦቹ የወጡባቸውን ሰዎች ጩኸትና የሚሮጥ እግር ነው። ሌላውን ግቢ ሁሉ ሲያራቁቱት እኛ ጋ አልተመለሱም። ሐቦባ ጨለማው ውስጥ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሲስቁ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

ንቦቹ አብረውኝ ይሄዳሉ። አለቀ።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ማለቁን እንጃ።

ሐቦባ በረንዳው የነበረበት ቦታ ላይ ወንበራቸውን ይዘው መጡና ተቀመጡ። ዓይናቸው ስለደከመ የፈረሰውን በደንብ አያዩትም፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ንቦቹን ለእኔ ትተሽልኝ ሂጂ አሉኝ። ግድግዳዋን ብቻ ኒሙ ሥር፣ ጎጆዬ አጠገብ አቁሚያት። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን እየሰማሁ ነው የምነሳው አሉ። በዓመት አንዴ ማር ስቆርጥ የመጀመሪያውን ሰፈፍ ለእሳቸው ነው የምወስደው፤ ሰሙን አላምጠው አላምጠው እንደ ልጅ ይተፉታል።

እንቢ ማለት ነበረብኝ፣ ወይም እሺ። እኔ ምን አልኩ? «እናያለን፣ ሐቦባ።» እኛ አበሾች እንቢን የምንጠቀልልባት ጨርቅ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፤ እጄን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። በእሳቸው ዘንድ እናያለን ያለ ሰው አይቶ ይሰጣል መሰለኝ።

ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። ልጃቸው ሠራተኛ ሲያስገባ ያቃጥሏቸዋል። ማን ይጠብቃቸዋል? ማሩን ማን ይቆርጣል? ምክንያቶቹ ውሸት አይደሉም። እውነተኛው ምክንያት ግን ከእነሱ መሃል የለም፤ ያለ ንቦቹ አዲስ ቦታ መጀመር ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ አቡጀዲ ገዛሁ። ሻጩ ለከፈን መስሎት ማሌሽ፣ ማሌሽ እያለ አጽናናኝ። ለንብ ነው ብለው ማን ያምነኛል፣ ተቀብዬ ሄድኩ።

ሐቦባ ዓርብ ዓርብ ሴት ልጃቸው ጋ ሄደው ያድራሉ፤ የሚመለሱት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሽመልስ ለምን ሰኞ አይሆንም ሲለኝ መኪናው ለነገ ጠዋት ብቻ ነው የተገኘው አልኩት። መኪናው ሳምንቱን ሙሉ ደጃችን ቆሞ ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም መግባታቸውን አይቼ ቀዳዳዋን በጭቃ ደፈንኩ፣ ግድግዳውን በእርጥብ አቡጀዲ ጠቀለልኩት። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ እንደሚፈላ ድስት ድምፅ ይሰማል። አይዟችሁ አልኳቸው። በአማርኛ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 18

ተሳካ! ጎህ ሲቀድ ጫንናት፤ ግድግዳዋ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በገመድ ግራ ቀኝ ታስራ፣ እኔ ከኋላ ተንጠልጥዬ። ኬላው ላይ ወታደሩ ምንድነው የጠቀለልሽው ሲለኝ ንብ ነው አልኩት። ጠጋ ብሎ ሰማና እጁን አወናጨፈ፤ ሂዱ፣ ሂዱ! በጁባ እንዲህ በፍጥነት ያለፍኩበት ኬላ የለም።

አዲሱ ግቢ ቅርብ ነው፤ በእግር እንኳ ያን ያህል አያደክምም። ሽመልስ ከድልድዩ ማዶ ሸሪካት ሠፈር አንድ ግቢ አግኝቶልኝ ነበር፣ ማንጎ ዛፍ ያለው፣ ሰፊ። ደንበኛ ለምሳ ብሎ ወንዝ አይሻገርም ብዬ ነው ያልተቀበልኩት። እዚህ ግን አንድም ዛፍ የለም። ቀይ አፈርና አጥር።

አራት ቁጥርን በየት በኩል እናዙራት አለኝ ሽመልስ። የንቦቹ ቀዳዳ ወደ በሩ ይሁን አልኩ፤ ሲሳይ በበር ነው የሚገባው። ያ ጎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል አለ። እናንተ ልጆች ለሁሉ ነገር መልስ አላችሁ አልኩት፣ አዞራት።

ጭቃውን ስነቅል በአንድ ጊዜ ፈሰሱ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ዛሬ ደስ ብሎኛል። እንደዚህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

እሑድ፣ የካቲት 19

የጾም ምግብ ብቻ ይዘን ከፈትን። የድሮ ደንበኞች መጡ፣ ሽሮ በልተው ወጡ። ንቦቹን እያሳየሁ ጎረርኩ።

ሙቀቱ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ የአራት ቁጥርን ቆርቆሮ በእጄ ነክቼ ወዲያው አነሳሁ። ንቦቹ ቀዳዳዋ ላይ ተሰልፈው በክንፋቸው ያራግባሉ። ጆንያ ሰቀልኩላቸው፣ ውሃ ረጨሁበት፣ ቶሎ ደረቀ።

ማታ የተመለሱት ከጠዋቱ ያነሱ መሰለኝ። ንብ ማን ይቆጥራል። ደክሞኝ ይሆናል።

ሰኞ፣ የካቲት 20

ልጻፈው።

ታንከሩን ለማስፈታት ወደ ድሮው ግቢ ሄድን። ገና ከመግባታችን ሽመልስ ክንዴን ያዘኝ። አራት ቁጥር በነበረችበት ቦታ፣ ቀዳዳዋ በነበረችበት ከፍታ፣ ባዶ አየር ላይ ንቦች ይዞራሉ። ግድግዳ የለም፣ ቤት የለም። እግራቸው ላይ ቢጫ ቢጫውን ጭነው መጥተው የሚያስገቡበት አጥተው ይዞራሉ። የደከማቸው ኒሙ ግንድ ላይ ተቆላልፈው ተንጠልጥለዋል።

ያኔ ነው የአባቴ ድምፅ የመጣልኝ። ንብ ስትወስዱ ወንዝ አሻግሩ፤ ወንዝ ያልተሻገረች ንብ ቤቷን አትረሳም። ልጅ ሆኜ ቀፎ ተሸክመን ወንዝ ስንሻገር እግሬ ድንጋይ ላይ አንሸራትቶኝ እንዴት እንደተቆጣኝ ሁሉ ትዝ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሲሳይ የምትለዋን ንግግሩን ለሰው ሁሉ ሳወራ፣ ወንዝ የምትለዋን ከየት ጣልኳት? ሸሪካት ብወስዳቸው ኖሮ ናይል መሃላችን ነበር። ማንጎም ነበር።

ይኼ ብቻ ቢሆን። ሐቦባ ኒሙ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የተሰበረ የውሃ ጋን አስደግፈዋል፣ ለንቦቹ ቤት እንዲሆን። በሰሃን ስኳር በጥብጠው አኑረዋል። ድምፄን ሲሰሙ ተነስተው አቀፉኝ። አውቄ ነበር አሉ፤ ልጄ እናያለን ካለችኝ አትረሳኝም፣ የኔን ድርሻ ትታልኝ ሄደች። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግረዋል። ልጃቸው እንኳ ሠራተኞቹን ዛፉ ጋ እንዳትደርሱ ብሏል።

ምን ልበል? አዎ አልኩ። ትቼልዎት ነው የሄድኩት አልኩ። አፌ እንዴት እንዳልተሳሰረ አላውቅም።

እንቁላል የምትጥለው አውራዋ እኔ ጋ ናት፣ ግድግዳው ውስጥ። ያለ አውራ እነዚህ አይተኩም፣ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ይህን ሐቦባ አያውቁም። ስንመለስ ሽመልስ ከእኔ ቀድሞ ሄደ፣ ዞሮም አላየኝ።

አሁን ቁርጥ አድርጌ ወስኛለሁ። ግድግዳዋን ነቅዬ መልሼ እወስድላቸዋለሁ። ኒሙ ሥር፣ እንደለመኑኝ። ሽመልስ ከሌላው ሥራ ነፃ የሚሆነው ከነገ ወዲያ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 22

ከነገ ወዲያ ማለት አልነበረብኝም።

ጠዋት ሽመልስ መፍቻውን ይዞ መጣ። ከግድግዳው ሥር ጥቁር ነገር መሬቱ ላይ ተጋድሟል፣ ጉንዳን ወርሮታል። ማር ነው። ኮምፔንሳቶውን ገነጠልነው። ሰፈፉ በሙቀቱ ለስልሶ ከላይ እስከ ታች ተንዶ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቷል። ንቦቹ ማራቸው ውስጥ ሰጥመዋል። የተረፉት ጥግ ላይ እፍኝ የማይሞሉ፣ እርስ በርስ እየተላላሱ።

አውራዋን ፈለግኳት። ሽመልስ ነው ያገኛት፣ ረጅም፣ ክንፏ ተጣብቆ። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኩ ስለ ራሴ፣ እሱ እንዳይለኝ። እሱ ግን፣ «እኔም እኮ ፀሐይ ይመታዋል ብዬ ዝም አልኩ፣ መጨቃጨቅ ነበረብኝ» አለ። ይኼኔ ነው የተንሰቀሰቅኩት። ከሐምሌው ጥይት ያዳነኝን ነገር በገዛ እጄ ፀሐይ ላይ አቁሜ ቀቀልኩት። ሲሳይ በበር ይግባ ብዬ!

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ነበር። ሽሮ አቀረብኩ። ምን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 24

ንጹሑን ማር አጣርቼ፣ ሐቦባ ሴት ልጃቸው ጋ ከመሄዳቸው በፊት በጠዋት በማሰሮ ወሰድኩላቸው። ሽመልስ ከአራት ቁጥር ኮምፔንሳቶ ቀፎ ሠርቷል። ውስጡን በአሮጌው ሰም ቀባሁት፣ አባቴ እንደሚያደርገው በወይራ አጠንኩት። ኒሙ ላይ፣ ከጎጆው በላይ ሰቀልነው። አንዳንዴ ዝናብ ሲገባ ቤት የሚፈልግ መንጋ በሠፈሩ ያልፋል። አንዳንዴ አያልፍም።

ግንዱ ላይ የነበሩት በጣም አንሰዋል። ሥሩ ሞተው የወደቁትን ሐቦባ ቅጠል መስለዋቸው ጠርገው ከአፈሩ ጋር አንድ ጥግ ከምረዋል። ማሩን ቀመሱ፣ ከንፈራቸውን ላሱ፣ ከዚያ ጭልፋ ሙሉ ቀድተው ለንቦቹ ሰሃን ላይ አፈሰሱ።

አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ ያዳምጣሉ። የንቦቹ ድምፅ ቀጥኗል አሉኝ። አንቺ ጋ ሄደው ይሆን?

እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። እምላለሁ መጥቶ ነበር። ግን እኚህ በዚያ መጋዘን ጨለማ ውስጥ እጄን ይዘው ሲስቁ የነበሩት ሐቦባ ናቸው።

«አዎ፣ ሐቦባ። እኔ ጋ ናቸው።»

ኮይስ፣ ኮይስ፣ ደግ ነው አሉ፣ እፎይ ብለው። እኔ ሞቱ ብዬ ነበር እኮ የፈራሁት። አዲስ ቤት ነው፣ ይዩት፣ ይልመዱት። ሲጠግቡ ግን መልሰሽ ላኪልኝ።

እናያለን አላልኩም። እሺ አልኳቸው። ከዚያ ቀና ብዬ ቀፎውን አየሁ። ባዶ ነው፣ ዝናቡም ገና ነው።