ባሌ በሌለበት የተገኘብኝ እርግዝና

ኅዳር 3፣ ከሰዓት
ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። የሐሞት ጠጠሬ እንዳለ አለ። ከመግባቴ በፊት ደሜ ይታይ አሉ፤ ታየ። እርግዝና አለ፣ ግን የሆርሞኑ መጠን ትንሽ ነው አለኝ የክሊኒኩ ባለሙያ። ሳቅሁበት። ባሌ ሰይድ ሪያድ ከገባ ሦስት ዓመት። እኔ አርባ ስድስት፤ የወር አበባዬም ከቆመ ከርሟል። ደግመው አዩት፤ ያው። ማስታወሻዬ፣ ከማን ነው ያረገዝኩት? ከነፋስ?

ኅዳር 6
ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። አማቴ እማማ ከድጃ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ። ሆዴን አዩ፣ ፊቴን ግን አላዩም። ሰይድ ደወለ፤ ሰላምታውም አጭር። ት/ቤት፣ መምህራን ክፍል ስገባ ጨዋታ ይቋረጣል። ጎኔን እየወጋኝ አስተምሬ ዋልኩ። ስለ ሕመሜ የጠየቀኝ የለም።

ኅዳር 11
ሽማግሌ ተላከብኝ። ሌላ ወንድ አላውቅም ብዬ ቁርኣን ይዤ እንድምል። ከማልኩ ነገሩ ይበርዳል። አልምልም አልኩ።
ታላቅየው ሼህ ይማም ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ልጄ፣ ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?» አሉኝ።
«ሪያድ ያለውንስ አስምላችሁታል፣ አባባ?»
ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔም አልማልኩም።

ኅዳር 15፣ ደሴ
ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ለምርመራ መጣን፣ ከእህቴ ከመዲና ጋር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሳትቸኩል ሰማችኝ። ደም ወሰደች፣ ሽንትም። ከሦስት ቀን በኋላ ደሙ ይደገማል።

ኅዳር 18፣ ደሴ
የሆርሞኑ ቁጥር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ጽንስ ቢሆን በዚህ ጊዜ በጣም ያድግ ነበር አለች። በአልትራሳውንድም ማህፀኔ ባዶ። የወር አበባ ሲቆም ከአንጎል ሥር ያለች ዕጢ ይህንኑ የእርግዝና ሆርሞን ጥቂት ጥቂት ልታመነጭ ትችላለች፣ በሽታ አይደለም አለችኝ። ለማረጋገጥ የወሊድ መከላከያ ክኒን ሰጠችኝ። ምንጩ ዕጢዋ ከሆነች ቁጥሩ ይወርዳል። ላላረገዘች፣ ለማታረግዝ ሴት የወሊድ መከላከያ! መዲና ሳቀች። እኔም ጀመርኩና እንባዬ መጣ።

ታኅሣሥ 9፣ ደሴ
ወርዷል። ምንም አይታይም። ከቀዶ ጥገናው የሚያግደኝ የለም። የልጅ ነገር ግን አበቃ። ሰይድ ሲመጣ አንድ እንኳ እንወልዳለን እንባባል ነበር። አልወለድሽም ብሎ ያዘነልኝ የለም። ሁሉም የፈራው ሳልወልድ እንዳልቀር ሳይሆን በሰይድ ላይ እንዳልወልድበት ነው።

ታኅሣሥ 12፣ መካነ ሰላም
እማማ ከድጃ ውጤቱን ሰምተው በግ አስጎትተው መጡ። ሸይጣን ነው መካከላችን የገባው፣ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን አሉ። እኔ ሸይጣን አላየሁም፤ ያየሁት እሳቸውን ነው። በጉን መለስኩት።
ቀትር ላይ ሰይድ ደወለ። «አልሐምዱሊላህ! እኔማ ንጹሕ መሆንሽን ድሮም አውቅ ነበር።»
ድሮም!
«ሽማግሌ የላከው ማነው?» አልኩት።
«እናቴ ናት…»
«አንተስ መላካቸውን አታውቅም ነበር?»
ወሬውን ወደ ቀዶ ጥገናው አዞረ። ስልኩን ዘጋሁት።
ቀዶ ጥገናው ማክሰኞ ነው። የምታስታምመኝ መዲና ናት፤ ከእነሱ ማንም እንዳይመጣ ነግሬያለሁ። ቁስሌ እንደዳነ ቃዲው ዘንድ እሄዳለሁ። ፍቺ የምጠይቀው እኔ ነኝ።