ሁሉን የሚመርቅ ገበያ

ሰይዴ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። አላህ ጀነት ያድርግህ እያልኩ እውላለሁ፤ ማታ በር ስዘጋ ግን ዛሬም ገብተህ እንደሆነ ዞር ብዬ መደብህን አያለሁ።

ቤታችን ተለውጧል። ግድግዳው ላይ የኔ ፎቶ ያለበት የምርጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ብታየው ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን፣ እስቲ አንቺ ተወዳደሪ እያልክ የቀለድክባትን ነገር የምር አደረግኳት። ለክልሉ ምክር ቤት በግሌ ቀርቤያለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከኛ ሰፈር እስከ ውጫሌ መኪና የሚያስኬድ መንገድ። ታመህ በቃሬዛ ስናወርድህ አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ነው ያመለጥከን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ የምጠይቀው ነገር አላገኘሁም።

ወንድምህ ሁሴን ደግሞ አለልህ። በየገበያው ውጫሌ ይወርድና ሰው ማንን እንደሚመርጥ እየጠየቀ ይመጣል። አንድ ገበያ፣ አብሽሪ ውጫሌ ያንቺ ናት ብሎኝ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። በሚቀጥለው ገበያ ፊቱን አጥቁሮ መጣ፤ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ተወዳዳሪዬ ወደ ነጋዴው ዞሯል አለ። እህል አልወርድ አለኝ። በማግስቱ ከቤት አልወጣሁም። አንተ ብትኖር ቁጣህም ይበቃኝ ነበር። ሰፈሩ ሙሉ ሰው እያለ ይህን የማዋየው አንድ ሰው አጣሁ።

ኋላ ሁሴንን ሰዎቹ ያሉትን እንዳለ እንዲነግረኝ ያዝኩት። አንቺን ሳነሳ አላህ ያሳካላት፣ ነጋዴውን ሳነሳ አላህ ያሳካለት ነው ያሉኝ አለ። ለካ ምርቃት ሲቆጥር ነው የከረመው! ሳልወድ ሳቅኩ። የኛ አገር ሰው ደጁ የመጣን መቼ ሳይመርቅ ይመልሳል? ነጋዴው ሲሄድ ለነጋዴው፣ እኔ ስሄድ ለኔ። አንተስ ብትሆን፣ የሰፈሩ መረዳጃ፣ የቅሬው ዳኛ ሲመረጥ ለሁለቱም እጅህን ዘርግተህ መርቀህ፣ የመረጥከውን ለኔ እንኳ አልነገርከኝም።

አሁን ሁሴን ሲመጣ ራቱን አቀርብለታለሁ፣ ወሬውን እሰማለሁ። ደግ ቢያወራም ክፉ ቢያወራም ጠዋት ጫማዬን አድርጌ የሚቀጥለውን ደጅ አንኳኳለሁ። ሆዴ አሁንም ይፈራል፤ እግሬ ግን አይቆምም። ከሰሜን የጦርነት ወሬ እየመጣ፣ ልጇ የዘመተባት እናት ዘንድ ስለ መንገድ ማውራት ይከብዳል። አንዳንዴ ምርጫውን ሳላነሳ አብሬያት አልቅሼ እወጣለሁ።

የቅሬው ቃሬዛ ዛሬም ከበራችን ኋላ ቆሟል። ጠባቂው አንተ ነበርክ፣ አሁን እኔ ነኝ። ትናንት ምጥ ለጠናባት ለጎረቤታችን ለፋጡማ ሊወስዱት መጡ። ቅስቀሳውን ትቼ አብሬ ወረድኩ። ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ የነጋዴው ሰዎች ናቸው፤ ትከሻቸውን ግን አልነፈጓትም። አንተ ያመለጥከን ቦታ ስንደርስ የቃሬዛውን ጫፍ ጨብጬ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ፋጡማ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

ስንመለስ ሁሴን ከሰዎቹ ስንቱ የኛ እንደሆነ ሊነግረኝ ጀመረ። ተወኝ አልኩት። ባዶ ቃሬዛ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያንተ ቀን ባዶውን አልመለስነውም።

ሰይዴ፣ ብመረጥም ብቀርም፣ ያ ቃሬዛ ከበራችን ኋላ እስካለ የምረሳህ ቀን የለም። መንገዱ የገባ ዕለት ደግሞ ከውጫሌ በሚወጣው የመጀመሪያ መኪና ተሳፍሬ የምመጣው መቃብርህ ጋ ነው።

ያንተው ዘይነባ